34 ከ34፦ የ1994ቱ ሀኪም ወይስ የ2000ው ሻክ?

ሰባራ ቀለበት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ጋር ክርክር ገጥመን እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተፋጠጥን። ውርርዱ ክትፎ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄው ስለ አሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ስለ ኤንቢኤ ነው። ሁለቱም ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ሰው) ናቸው። የሁለቱም ማሊያ ቁጥር 34 ነው። አንዱ የ1993-94ቱ ሀኪም ኦላጁዎን በሂውስተን ሮኬትስ። ሌላው የ1999-2000ው ሻኪል ኦኒል በሎስ አንጀለስ ሌከርስ። ሁለቱንም በጉልበታቸው ጫፍ ላይ፣ ያለ ጉዳት፣ ለአንድ ሲዝን ብቻ ሰጡህ እንበል። የቀረው ቡድን ማን ማን እንደሆነ አልተነገረህም። ማንን ትወስዳለህ?

ስንት ዋንጫ አነሳ፣ ስንት ዓመት ተጫወተ የሚለውን ተዉት። ጫፋቸው ላይ ሲደርሱ ማን ይበልጣል ነው ጥያቄው።

እኔ ሻክ ብያለሁ። ምክንያቴ አጭር ነው። ሰውየውን የሚያቆመው አልነበረም። ጓደኛዬ ሀኪም አለ። "ፍሪስሮው (የቅጣት ውርወራ) እንኳ ማስገባት የማይችል ሰው ይዘህ ትከራከረኛለህ?" ብሎ አፈጠጠብኝ። ፍሪስሮው የሳትኩት እኔ ነው የሚመስለው። በሉ ፍረዱን።

ቁጥር ወዳጅ

መጀመሪያ ቁጥሩ ይቀመጥ፤ ከዚያ ትጣላላችሁ።

ሀኪም በዚያ ዓመት በአንድ ጨዋታ በአማካይ 27.3 ነጥብ፣ 11.9 ሪባውንድ (ስታ የተመለሰች ኳስ መያዝ)፣ 3.6 አሲስት (ለሚያስገባ ሰው ማቀበል)፣ 3.7 ብሎክ (የተወረወረች ኳስ ማገድ)። ከሜዳ 52.8 ከመቶ፣ ፍሪስሮው 71.6 ከመቶ።

ሻክ በዚያ ዓመት 29.7 ነጥብ፣ 13.6 ሪባውንድ፣ 3.8 አሲስት፣ 3.0 ብሎክ። ከሜዳ 57.4 ከመቶ፣ ፍሪስሮው 52.4 ከመቶ።

ሀኪም የሊጉ ኮከብ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ እና የፋይናሉ ኮከብ ተብሏል። ሦስቱን በአንድ ዓመት ጠቅልሎ የወሰደ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሻክ ደግሞ ለሊጉ ኮከብነት ከ121 ድምፅ 120ውን ነው ያገኘው። አንዷ ድምፅ ለአለን አይቨርሰን ሄደች። ያንን ድምፅ የሰጠ ሰው ሠርግ ላይም ሽሮ የሚያዝ ይመስለኛል።

የመርካቶ ልጅ

አንድ ጥያቄ አለኝ። 1994 ስትሉ የኛ ነው የፈረንጅ? 2000ስ? በኛ 2000 ሚሌኒየም ስናከብር፣ ሻክ ጉልበቱ አልቆ ከማያሚ ወደ ፊኒክስ የተላከበት ዓመት ነበር። የዚያን ዓመቱን ሻክ ከሆነ የምትሉት እኔም ሀኪም ነኝ።

ሰባራ ቀለበት

የፈረንጅ ነው ጌታዬ። ሁሉም የፈረንጅ ነው።

ግራ እጅ

ከዚህ ቤት ውስጥ "ሻክ እኮ ጉልበት ብቻ ነው" የሚል ሰው ከመምጣቱ በፊት ልቅደም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በሴቶች ቡድን ሴንተር ነበርኩ። ጀርባዬን ለቅርጫቱ ሰጥቼ፣ ከኋላዬ አንዷ በክርኗ ወገቤን እየጠቀጠቀችኝ ኳስ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ጨዋታው የሚያልቀው ኳሷ ከመምጣቷ በፊት ነው። ማን ቀድሞ እግሩን ተከለ? ማን ዳሌውን አስቀደመ? ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

የ2000ውን አንድ ጨዋታ ፈልጋችሁ ኳሷን ተዉና የሻክን እግር ብቻ ተመልከቱ። ኳሷ ገና በሌላኛው ክንፍ ናት። እሱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ እንደሚገባ የሚኒባስ ተሳፋሪ ትከሻውን ቀስ አድርጎ ያስገባል። ቀጥሎ ዳሌውን። ጠባቂው የተገፋ አይመስለውም፤ ግን ቦታው የለም። ኳሷ ስትደርሰው ከቅርጫቱ አንድ ሜትር ቢርቅ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ዞር፣ ዳንክ። 2.16 ሜትር ቁመት ይዞ እንደዚያ የሚዞር ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። በኋላም አላየሁም።

ሌላው ነገር፣ ያን ጊዜ ቡድኖች ተጠባባቂ ወንበራቸው ላይ ግዙፍ ግዙፍ ሰዎችን ያከማቹ ነበር። የሚፈለጉት ለጨዋታቸው አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ስድስት ፋውል አለው፤ ስድስተኛው ላይ ይወጣል። ሦስት ግዙፍ ሰው ማለት አሥራ ስምንት ፋውል ማለት ነው። ሻክ ላይ የሚበተን በጀት ነበር ማለት ይቻላል። በአንድ ተጫዋች ምክንያት የሌላው ቡድን ቅጥር ሲቀየር ጫፍ ማለት ያ ነው።

ቦሌ ሚካኤል

ምን ያከራክራል? በ1995 ፋይናል ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። ሂውስተን 4፣ የሻክ የያኔው ቡድን ኦርላንዶ 0 (ፋይናሉን አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ይወስዳል)። ሐኪሙ መርፌውን ወጋ፣ በሽተኛው ተኛ። ክሩን ዝጉት።

ቁጥር ወዳጅ

ቦሌ፣ ያ ሻክ 23 ዓመቱ ነበር። ሀኪም 32። ክሩ ደግሞ ስለ 2000ው ሻክ ነው።

ቢሆንም እንየው ካልክ እንየው። ሀኪም በአራቱ ጨዋታ በአማካይ 32.8 ነጥብ፣ 11.5 ሪባውንድ፣ 5.5 አሲስት። ሻክ 28.0 ነጥብ፣ 12.5 ሪባውንድ፣ 6.3 አሲስት። ይሄ ተዋርዶ የወጣ ሰው ቁጥር ነው? ኦርላንዶ የተሸነፈው የመጀመሪያውን ጨዋታ ከእጁ ስላወጣ ነው። በሦስት ነጥብ እየመሩ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ኒክ አንደርሰን አራት ፍሪስሮው በተከታታይ ሳተ። አራት! የሂውስተኑ ኬኒ ስሚዝ በሦስት ነጥብ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሀኪም ተመልሳ የወጣችውን ኳስ በጣቱ ገፍቶ አስገባና አለቀ።

ፊት ለፊት መገናኘትን ዳኛ ካደረግነው ደግሞ በ1999 የመጀመሪያው ዙር ላይ ሌከርስ ሂውስተንን 3 ለ 1 አሰናብቷል። ሻክ 29.5 ነጥብ፣ ሀኪም 13.3። ያን ጊዜ ሀኪም 36 ዓመቱ ነበር። ይሄንን ማስረጃ ብዬ ባቀርበው ትስቁብኛላችሁ። የ1995ቱም እንደዚያው ነው።

ቦሌ ሚካኤል

እሺ በቃ አትቆጣ።

ጋሽ ሂውስተን

ልጆች እንደምን ናችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ይሄ ግን አላስቻለኝም።

እኔ በ1994 ሂውስተን ታክሲ እነዳ ነበር። ከፋይናሉ አምስተኛው ጨዋታ ኒውዮርክ ላይ በጁን 17 ነበር። እኛ አበሾች አንዱ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን እያየን ሳለ ቴሌቪዥኑ ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ጎን ጨዋታው፣ በሌላው ጎን በግድያ የተጠረጠረው የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ ኦ. ጄ. ሲምፕሰን በነጭ መኪና ፖሊስ እየተከተለው። ሰዉ ሁሉ "ኳሱን መልሱልን!" እያለ ሲጮህ አስታውሳለሁ። ያ ጨዋታ ደግሞ ተሸነፍን። ኒውዮርክ 3 ለ 2 መራ።

ስድስተኛው ጨዋታ ሂውስተን ላይ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ መኪናዋን ጥግ አስይዤ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። በኋላ ግን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። እኛ 86፣ እነሱ 84። ጥቂት ሰከንድ ቀርቷል። ኳሷ የኒውዮርኩ ጆን ስታርክስ እጅ ናት። ስታርክስ የዚያን ቀን 27 ነጥብ ነበረው፤ 16ቱን ያስገባው በመጨረሻው ሩብ ብቻ ነው። እጁ ግሏል ልጆች። የሦስት ነጥቧ ከገባች ዋንጫው ወደ ኒውዮርክ ሄደ።

የእነሱ ሴንተር ፓትሪክ ኢዊንግ መጥቶ ጋረደለት። የስታርክስ ጠባቂ ተጋርዶ ቀረ። ያን ጊዜ ሴንተር የሚባል ሰው ሥራው ቅርጫቱ ሥር መቆም ነው። ሀኪም ግን ኢዊንግን ትቶ ወጣ። ወደ ሦስት ነጥብ መስመሩ፣ አጭርና ፈጣን አጥቂ ጋ። ስታርክስ ዘለለ። ሀኪምም ዘለለ። ኳሷ ከእጁ ወጥታለች። ሀኪም የነካት በጣቱ ጫፍ ነው። አየር ላይ ሸርተት ብላ ከቅርጫቱ ሳትደርስ ወደቀች።

ሰባተኛውን እኛ አሸነፍን። ስታርክስ ከ18 ውርወራ 2 ብቻ አስገባ። ሰው ሁልጊዜ ያንን 2 ከ18 ያነሳል። እኔ ግን ያቺ የጣት ጫፍ ከስድስተኛው ጨዋታ ተከትላው የመጣች ይመስለኛል።

ሻክ ግዙፍ ነው፣ አልክድም። ግን ያችን ኳስ ሻክ ወጥቶ ይደርስባታል? ይሄንን ብቻ መልሱልኝ።

ግራ እጅ

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። አይደርስባትም።

ሰባራ ቀለበት

ጋሼ እናመሰግናለን። ጓደኛዬ ይሄንን ካነበበ ክትፎው ሄደ ማለት ነው።

ዱባይ ነኝ

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ሀኪም በረመዳን ይጾም ነበር። ቀን ላይ ጨዋታ ካለ ውኃ በአፉ ሳይዞር ይጫወታል። በ1995 ረመዳን የካቲት አካባቢ ነው የገባው፤ የዚያ የፌብሩዋሪ ወር የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ማን ተባለ? ራሱ ሀኪም። እኔ እዚህ በጾም ቀን ሊፍት ሲበላሽ አራተኛ ፎቅ መውጣት ያቅተኛል።

የመርካቶ ልጅ

ወንድሜ ያ 1995 ነው። ክሩ 1994 ነው።

ዱባይ ነኝ

ጾሙ 1994ም ነበረ እኮ!

ግራ እጅ

ስለ ጫፍ ካወራን የ2000ውን ፋይናል ማንም አላነሳም። ኢንዲያና ላይ በአማካይ 38 ነጥብ፣ 16.7 ሪባውንድ። በመጀመሪያው ጨዋታ 43 ነጥብና 19 ሪባውንድ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዲኬምቤ ሙቶምቦን አመጡበት፤ 2.18 ሜትር ቁመት ያለው፣ የዚያ ዓመት ምርጥ ተከላካይ የተባለ ሰው። ሻክ 33 ነጥብና 15.8 ሪባውንድ አወረደበት። ምርጥ ተከላካይ ጥሩ ጠብቆት ያ ነው የሚሆነው። ሙቶምቦ የተሳሳተው ነገር አልነበረም። ቦታው ላይ ቆመ፣ ደረቱን ሰጠ፣ ደረቱ ተገፋ።

የመርካቶ ልጅ

ያ 2001 ነው። ክሩ 2000 ነው።

(እኔ ዛሬ የቀን መቁጠሪያ ፖሊስ ሆኛለሁ።)

አራት ኪሎ

የመርካቶ ልጅ ሳታውቀው ትልቅ ነገር ነካህ። ሁለቱም ወገን ከሚቀጥለው ዓመት እየሰረቀ ነው። የሀኪም ደጋፊ 1995ን ይሰርቃል፤ የሻክ ደጋፊ 2001ን።

ደግሞ እውነት አላቸው። የሀኪም ምርጡ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚመጣው ጥሎ ማለፍ) 1995 ነው፤ በአማካይ 33 ነጥብ። ሮኬትስ በ47 ድል ብቻ ስድስተኛ ሆኖ ገባ። ከዚያ 60 ያሸነፈውን ዩታን፣ 59 ያሸነፈውን ፊኒክስን፣ 62 ያሸነፈውን ሳን አንቶኒዮን፣ 57 ያሸነፈውን ኦርላንዶን በተራ አወረደ። ከሳን አንቶኒዮ ጋር ሲጫወት የእነሱ ሴንተር ዴቪድ ሮቢንሰን የዚያን ዓመት የሊጉን ኮከብ ዋንጫ ከሁለተኛው ጨዋታ በፊት ሜዳ ላይ ተቀበለ። ሰዉ አጨበጨበ። ሀኪም ቆሞ አየ። ከዚያ በዚያው ምሽት 41 ነጥብ አገባበት። ሐኪሙ ሳያደነዝዝ ቀደደው።

ሮቢንሰንን እኔ አዝንለታለሁ። ሀኪም ትከሻውን ወደ ቀኝ ሲሰብቅ ይዘላል። ኳሷ ግን ገና እጁ ላይ ናት። ሮቢንሰን ሲወርድ ሀኪም በግራ በኩል ወጥቷል። ሌጎስ ልጅ እያለ ሀንድቦል ይጫወት ነበር፤ እግር ኳስም በረኛ ሆኖ። ቅርጫት ኳስ የጀመረው ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ነው። ያ እግር ከዚያ የመጣ ነው።

የሚያሳዝነው 1995 ላይ ክላይድ ድሬክስለር በፌብሩዋሪ መጥቶለት ነበር። በ1994 ግን ከሀኪም ሌላ በዚያ ዓመት ኦልስታር የሆነ (ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) ሰው ቡድኑ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ከሁለቱ ዓመት የትኛው ከባድ ነበር? ለእኔ 1994።

ስሙ ያልተጠቀሰ

የሻክ ደጋፊ ሁሉ [ተሰርዟል]

አስተናባሪ

እናትን ወደ ጨዋታው አናስገባም። ለሦስት ቀን ታግዷል። ቀጥሉ።

ቁጥር ወዳጅ

የፍሪስሮውን ነገር ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ያሰላው ሰው ግን የለም። ላስላው።

ሻክን ሆን ብለህ ፋውል ሠራህበት እንበል። ሁለት ይወረውራል፤ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው። በ52.4 ከመቶ ከሄድን በአማካይ 1.05 ነጥብ ያገኛል። በዚያ ሲዝን አንድ ተራ ቡድን 100 ጊዜ ኳስ ይዞ ሲያጠቃ ወደ 104 ነጥብ ያገባል። ማለትም በአንድ ጥቃት 1.04። ስለዚህ ሻክን ፋውል ማድረግ ምንም ትርፍ የለውም። ከተራ ጥቃት ጋር እኩል ነው። በዚያ ላይ ሰዎችህ በፋውል ይወጣሉ።

ይሄ በሲዝኑ ነው። በፋይናሉ ግን ሌላ ነው። 93 ወርውሮ 36 ብቻ አስገባ። 38.7 ከመቶ። በዚህ ሒሳብ ሁለት ፍሪስሮው 0.77 ነጥብ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ፋውል ማድረጉ ያተርፋል።

ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ብቻ 39 ጊዜ ወረወረ። 18 ገባ። ያንን ጨዋታ ሙሉውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ፊሽካ። ሻክ መስመሩ ላይ ይቆማል። ኳሷን በትልቅ እጁ ብርቱካን አስመስሎ ይይዛታል። ይወረውራል፤ ሰሌዳውን ትመታለች። ሰው ይቀመጣል። እንደገና ፊሽካ። ኳስ ማየት ሳይሆን ቀበሌ ወረፋ መጠበቅ ነበር።

ሰባራ ቀለበት

ግን አሸነፉ! በዚያው ጨዋታ 40 ነጥብና 24 ሪባውንድ አለው። ሃያ አንድ ፍሪስሮው ስቶ 40 ያገባ ሰው ነው። ይሄ ለሻክ መከራከሪያ ነው ወይስ በሻክ ላይ? እኔ አላውቅም ብያለሁ።

ጋሽ ሂውስተን

ልጄ፣ አራተኛውን ጨዋታ አትርሳ። ጭማሪ ሰዓት ላይ ሻክ በስድስት ፋውል ወጣ። 36 ነጥብና 21 ሪባውንድ ይዞ ነው የወጣው። ማን ጨረሰው? 21 ዓመት የሆነው ኮቢ ብራያንት። ያ ልጅ ባይኖር ተከታታዩ ጨዋታ 2 ለ 2 ይሆን ነበር።

ግራ እጅ

ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ግን ሀኪምም ብቻውን አልነበረም። ኬኒ ስሚዝ፣ ቬርነን ማክስዌል፣ ማሪዮ ኤሊ፣ ሮበርት ሆሪ፣ ሳም ካሴል፤ ኳሷ ስትመጣላቸው የሚወረውሩ ሰዎች ነበሩ። አሠልጣኙ ሩዲ ቶምጃኖቪች የሠራው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ሀኪምን መሀል አስቀምጥ፣ ዙሪያውን ወርዋሪ አድርግ። ሁለት ሰው ከመጣበት ኳሷ ወደ ውጭ ትወጣለች። ዛሬ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አዲስ ነበር።

ደግሞ ሀኪም ከዚያ በፊትም ሀኪም ነበር። በ1992 ሮኬትስ ፕሌይኦፍ እንኳ አልገባም። ስለዚህ "ሀኪም የትም ብታስቀምጠው ያሸንፋል" የሚለው አይገባኝም። ሰውና ዙሪያው ሲገጥም ነው ጫፍ የሚባለው። ለሁለቱም።

አራት ኪሎ

ይሄ ትክክል ነው። አሁን ግን ጥያቄውን እንደገና እናንብበው። ሰባራ ቀለበት "የቀረው ቡድን ማን ማን እንደሆነ አልተነገረህም" ብሏል። ሁላችንም ያቺን ዓረፍተ ነገር ዘለልናት። እኔ ግን ክትፎው ያለው እዚያ ውስጥ ነው እላለሁ።

ቡድኑን እኔ ልምረጥ ካልከኝ፣ ሻክን ነው የምወስደው። ሌከርስ በዚያ ዓመት 67 አሸንፎ 15 ብቻ ተሸነፈ። ኮቢ አጠገቡ አለ፣ አሠልጣኙ ፊል ጃክሰን መጣ። ሻክን በትክክል ከከበብከው ጣሪያው ከሀኪም ከፍ ይላል። ይሄንን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ቡድኑን ካላወቅኩት ግን ምን ሊገጥመኝ እንደሚችል ላስብ። ጎበዝ ወርዋሪ ከሌለኝስ? ሻክ ላይ ሦስት ሰው ይቆለልበታል። ሀኪም ግን አምስት ሜትር ወጥቶ እሱ ራሱ ይወረውራል፤ ቦታ አያጣብብም። ጨዋታው በሁለት ነጥብ ልዩነት አንድ ደቂቃ ሲቀረውስ? ሀኪምን ፋውል ካደረግከው ከአሥሩ ሰባቱን ያስገባል። ሻክን እንዲያ ሰዓት ላይ ኳስ ላለመስጠት ትፈራለህ፣ ለመስጠትም ትፈራለህ። አጥቂዎቼ ሰው መጠበቅ የማይችሉ ከሆነስ? ያኔ ኋላዬ ላይ 3.7 ብሎክ ያለው ሰው አለኝ።

ሰባራ ቀለበት

ሻክም እኮ በ2000 ሁለተኛው የምርጥ ተከላካዮች ቡድን ውስጥ ገብቷል። 3 ብሎክ ቀላል ነው?

አራት ኪሎ

ቀላል አይደለም። ቅርጫቱ ሥር ሻክን ማለፍ በር የሌለው ግንብ ማለፍ ነው። ችግሩ ግንቡ አይንቀሳቀስም። ተቃዋሚው የሻክን ሰው አውጥቶ እንዲጋርድ ሲያደርግ፣ ሻክ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ኳስ የያዘው ሰው ተዝናንቶ ይወረውራል። ከፋይናሉ በፊት ፖርትላንድ በዚያ ዓመት ሰባት ጨዋታ ድረስ ያስጨነቃቸው በዚህና በዚህ ዓይነት ነገር ነው። በሰባተኛው ጨዋታ በመጨረሻው ሩብ 15 ነጥብ እየመራ ነበር እኮ። ሌከርስ ባይነሳ ኖሮ ዛሬ ይሄ ክር አይኖርም ነበር።

ሀኪም ደግሞ ጋሼ የነገሩንን አድርጓል። ወጥቶ ይጠብቃል፣ ይመለሳል፣ ኳስ ይሰርቃል። በዕድሜው 3,830 ብሎክ እና 2,162 ስቲል አለው። ሁለቱም ላይ ከ2,000 በላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሴንተር ስቲል ምን አደረገለት ትላላችሁ? እጁን ስለሚፈሩ፣ ኳሷን ሳይነካት እንኳ ወደ ሌላ ሰው እንድትሄድ ያደርጋል። ቁጥር ውስጥ የማይገባው ያ ነው።

ዱባይ ነኝ

ዛሬ ቢጫወቱስ? ዛሬ ሁሉም ሦስት ነጥብ ስለሆነ…

አስተናባሪ

እሱን ሌላ ክር ክፈትለት። ባለፈው "ዛሬ ቢጫወቱ" ብለን ጀምረን ስለ ዩሪያ ዋጋ ጨረስነው።

ግራ እጅ

አራት ኪሎ አሳመነኝ ማለት አልፈልግም፤ ግማሽ ነው ያሳመነኝ። እኔ አሁንም ቅርጫቱ ሥር ቆሜ ከሁለቱ አንዱን ጠብቂ ብትሉኝ ሀኪምን እመርጣለሁ። ሀኪም ያታልለኛል፣ ያሳፍረኛል፣ ቤቴ ግን በእግሬ እሄዳለሁ። ሻክን ከጠበቅኩ በማግስቱ ወጌሻ ቤት ነኝ።

ጋሽ ሂውስተን

ይሄ ጥሩ አባባል ነው ልጄ። ለእኔ ግን ሀኪም ሌላም ነገር ነበር። ያን ጊዜ ሂውስተን ለምንነዳ አፍሪካውያን፣ ተሳፋሪ ከየት ነህ ብሎ ይጠይቀንና ኢትዮጵያ ስንል ዝም ይል ነበር። ከ1994 በኋላ "አፍሪካ? እንደ ሀኪም!" ማለት ጀመሩ። ከሌጎስ አዲስ አበባ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋሁም። አዎ፣ እንደ ሀኪም አልኩና ጉርሻዬን ተቀበልኩ። ስለዚህ እኔን ዳኛ አታድርጉኝ።

ቁጥር ወዳጅ

ጋሼ ዳኝነት አይችሉም፣ ተመዝግቧል። የቀረነውን ቆጠርኩ። "ቡድኑን ካላወቅኩ" በሚለው ጥያቄ ሀኪም 5፣ ሻክ 2። ቦሌ ሚካኤል ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ አንዱን ሰረዝኩበት።

ሰባራ ቀለበት

ጥያቄውን ራሴ ነኝ ያበላሸሁት። "የቀረው ቡድን አልተነገረህም" የምትለዋን የጨመርኳት ለማሳመር ነበር። ጉድጓዴን ራሴ ቆፈርኩ። ሻክ ያገባቸው 38 ነጥቦች አሁንም ከዓይኔ አይወጡም፤ ግን በጻፍኩት ጥያቄ መሠረት ተሸንፌያለሁ።

የውርርዱ ባለቤት

ሰላም፣ ጓደኛው እኔ ነኝ። ለዚህ ብዬ ነው የተመዘገብኩት። ጋሼን ከልቤ አመሰግናለሁ። አራት ኪሎን አንድ ቀን ቡና እጋብዘዋለሁ።

ሰባራ ቀለበት፣ ቅዳሜ የተለመደው ቦታ። ለብለብ ሳይሆን ጥሬ። አይቡን አትርሳ።

ሰባራ ቀለበት

ሁዳዴ ገብቷል እኮ ወንድሜ።

የውርርዱ ባለቤት

ኧረ!

የመርካቶ ልጅ

ሲከራከሩ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ቀን መቁጠሪያ ግን ማንም አላየም። እኔ ከመጀመሪያው ቀኑን አጣሩ ብዬ ነበር።

የውርርዱ ባለቤት

እሺ፣ ለፋሲካ ይቆይ። እስከዚያ ቅዳሜ ተጋቢኖ ሽሮ፣ ሒሳቡ በሱ ነው። ከክትፎው ላይ አይቀነስም።